ጉልበት በሙሉ ይለወጥ ወይስ በከፊል?

በቋንቋችን «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ጭንንና ቅልጥምን የሚያገናኘው መጋጠሚያ ነው፤ ሁለተኛው ኀይል ነው። ጉልበቱ የከዳው ሰው ኀይሉም እንደ ከዳው የሚቆጠረው አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል ስለ ጠሩ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ በእርግጥ እንዲሁ ስለ ሆነ ነው። ዓይኑ የፈዘዘ ሰው መነጽር ያደርጋል፤ ጥርሱ የወለቀ ለስላሳ ምግብ ይመርጣል፤ ጉልበቱ የታመመ ግን ገበያ መውጣት፣ ደረጃ መውረድ፣ ለጸሎት መስገድና መንበርከክ፣ ልቅሶ ቤት ደርሶ ከዝቅተኛ መቀመጫ መነሣት ሁሉ ይቸግረዋል። ሰው ከሰው የሚገናኝበት መንገድ በጉልበት የሚሄድ ነውና፣ ሕመሙ በሽተኛውን ከመንደሩ ሳያወጣ ከመንደሩ ይለየዋል።

በዛሬው እሑድ አንባቢዎቻችንን ልናነጋግርበት ያሰብነው፣ በእንግሊዝ አገር ስለዚሁ ጉልበት ለብዙ ዓመታት ሲካሄድ የቆየው ክርክር ነው። ክርክሩ የሐኪሞች ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሐኪሞች በተውነው ነበር። ነገር ግን የሕዝብ ገንዘብ፣ የበሽተኛ መብትና የሐኪም ልማድ አንድ ላይ የሚገናኙበት ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ሐኪም ያልሆነም ሰው ቢያውቀው ይጠቅመዋል እንላለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ጉልበት እንዴት እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የጭን አጥንት ታችኛው ጫፍ፣ የቅልጥም አጥንት ላይኛው ጫፍና ሎሚ የተባለው ከፊት ያለው አጥንት በዚያ ይገናኛሉ። የአጥንቶቹ ጫፍ በልም አጥንት የተሸፈነ ስለ ሆነ ሳይፋተጉ ይንሸራተታሉ። በጭኑና በቅልጥሙ መካከልም በግማሽ ጨረቃ አምሳል የተሠሩ ሁለት ትራሶች አሉ፤ እነዚህን ሐኪሞች ሜኒስከስ ይሏቸዋል። መጋጠሚያውን በአራት አቅጣጫ ጠፍረው የያዙት ደግሞ ጅማቶች ናቸው። እንግዲህ ጉልበትን ሦስት ክፍል እንዳለው ቤት አድርገን ብናስበው አንሳሳትም፤ አንዱ ክፍል ወደ ውስጥ፣ ሁለተኛው ወደ ውጭ፣ ሦስተኛው ከሎሚው በታች ነው። ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የቀድሞ ጉዳትና የትውልድ ጠባይ ተባብረው ልም አጥንቱን ሲበሉት፣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጎዳው የውስጠኛው ክፍል ነው። እግራቸው ወደ ውጭ የደገነ ሽማግሌዎችን የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄው ከዚህ ይነሣል። የአንድ ክፍል ወለል ቢፈርስ ቤቱን በሙሉ ማደስ ይገባልን? ወይስ ያንኑ ክፍል ብቻ?

ጉልበትን በሙሉ የመለወጥ ኦፕራሲዮን ዛሬ በያዘው መልክ የተጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ፍራንክ ጋንስተን የተባለው ሐኪም በእንግሊዝ አገር በራይቲንግተን ሆስፒታል የሠራው በ1968 ሲታወቅ፣ ለዛሬዎቹ አብዛኞቹ መሠረት የሆነው በኒውዮርክ እነ ጆን ኢንሳል የሠሩት የ1974ቱ ነው። «መለወጥ» የሚለው ቃል አንባቢን እንዳያስደነግጥ፤ ጉልበቱ ተቈርጦ አይጣልም። የተበላው የአጥንት ጫፍ በልክ ይላግና በብረት ይሸፈናል፤ በመካከሉም ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ነገሩ አዲስ ጫማ ከመግዛት ይልቅ ሶል ማስለወጥን ይመስላል። በዚህ ሥራ ግን ሦስቱም ክፍሎች ወይም ቢያንስ ሁለቱ ይነካሉ፤ በመካከል ካሉት ጅማቶች የፊተኛው ብዙውን ጊዜ ይወጣል።

በከፊል የመለወጡ ሥራ ደግሞ በኦክስፎርድ ጆን ጉድፌሎ የተባለ ሐኪምና ጆን ኦኮነር የተባለ መሐንዲስ ተባብረው ካወጡት ዕቃ ጋር ስሙ ተያይዞ ይነሣል። የመጀመሪያው በ1976 ተሠራ፤ ከ1982 ጀምሮም ለውስጠኛው ክፍል ብቻ ይውል ጀመር። በዚህኛው የታመመው ክፍል ብቻ ይሸፈናል፤ ጤነኛው ክፍልና ጅማቶቹ ሁሉ በቦታቸው ይቀራሉ። የሚቀደደው ያነሰ ነው፤ በሽተኛውም ቶሎ ይነሣል፤ ጉልበቱም እንደ ተፈጥሮው መታጠፍ ይቀርበዋል።

ይህን የሰማ ሁሉ «ታዲያ ምን ያከራክራል? ትንሹ ይሻላላ!» ማለቱ አይቀርም። የሚያከራክረው ግን መዝገቡ ነው።

እንግሊዞች ለዳሌና ለጉልበት ብረት የሚሆን አገር አቀፍ መዝገብ አላቸው። መዝገቡ የተቋቋመው በ2002 ሲሆን መጻፍ የጀመረው በ2003 ነው። ከዚያ አስቀድሞ አንድ ዓይነት የዳሌ ብረት ተበላሽቶ ሳለ፣ ብረቱ ለማን ለማን እንደ ገባ ፈልጎ ማግኘት አስቸግሮ ነበርና፣ ከዚያ ችግር የተገኘ ትምህርት ነው። ዛሬ በዓመት 100,000 ያህል የጉልበት መለወጥ ሥራ በዚህ መዝገብ ይገባል። እንዲህ ያለ መዝገብ ያላቸው አገሮች የጻፉት ተሰብስቦ በ2019 በታተመ ጥናት እንደ ታየው፣ በሙሉ ከተለወጡት ጉልበቶች መካከል ከ100 ወደ 82 የሚሆኑት 25 ዓመት ሳይነኩ ይቆያሉ፤ በከፊል ከተለወጡት ግን 70 ያህሉ ናቸው። ይህን ያየ ሐኪም «ሁለት ጊዜ ከመቅደድ አንድ ጊዜ በሙሉ ልሥራው» ቢል አይፈረድበትም። ብዙዎቹም ያሉት ይህንኑ ነው። በእንግሊዝ አገር በከፊል የሚለወጠው ጉልበት ለረጅም ጊዜ ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ሆኖ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው፤ የኦክስፎርዶቹ ሊቃውንት ግን ለዚህ የሚበቁት በሽተኞች ወደ ግማሽ ይጠጋሉ ባዮች ናቸው።

ይሁን እንጂ ቍጥር የሚናገረው የተጠየቀውን ብቻ ነው። መዝገቡ የሚጠይቀው «ብረቱ እንደ ገና ተከፍቶ ተለወጠን?» ብሎ ነው። በሙሉ የተለወጠ ጉልበት የሚያሳምመው ሰው ወደ ሐኪሙ ቢመለስ፣ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን እጅግ ከባድ ስለ ሆነ ሐኪሙ «ትንሽ ታገሥ» ብሎ ይመልሰዋል። በመዝገቡም ላይ ጉልበቱ ደኅና ሆኖ ይቆጠራል። በከፊል የተለወጠለት ሰው ተመሳሳይ ሕመም ይዞ ቢመጣ ግን ወደ ሙሉው መለወጥ ያን ያህል አስቸጋሪ ስላልሆነ ቶሎ ይሠራለታል፤ በመዝገቡም ላይ እንደ ወደቀ ይጻፋል። እንግዲህ ታሞ የተቀመጠው እንደ ዳነ፣ ታሞ የተረዳው እንዳልዳነ ሲቆጠር ይታያል ማለት ነው። ልዩነቱ ሁሉ በዚህ ምክንያት የመጣ ነው ባንልም፣ ከፊሉ ግን ከዚህ መሆኑን የሚክድ ጥቂት ነው።

በ2014 የኦክስፎርድ ሰዎች ይህንኑ መዝገብ ገልጠው፣ ዕድሜያቸውና የጤናቸው ሁኔታ ተመሳሳይ የሆኑትን ከሁለቱ ወገን እያስተያዩ ከ100,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ያደረጉት ምርመራ ነገሩን በሌላ ፊት አሳየው። በከፊል የተለወጠላቸው ሰዎች እንደ ገና የመከፈታቸው ነገር በእጥፍ ያህል ሲበልጥ፣ በደም መርጋት፣ በልብ ድካምና በአንጎል ደም መዘጋት የመጠቃታቸው፣ የመሞታቸውም ነገር አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊዎቹ ሒሳቡን ያጠቃለሉት እንዲህ ነው፤ በሙሉ ሊለወጥላቸው የነበሩ 100 ሰዎች በከፊል ቢለወጥላቸው፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ውስጥ በሦስት ሰዎች ላይ ተጨማሪ ኦፕራሲዮን ይደረጋል፤ አንድ ሰው ግን ከሞት ይተርፋል። ሦስት ኦፕራሲዮን በአንድ ነፍስ! ይህን በሚዛን ላይ አድርጎ መልስ መስጠት የሐኪሙ ብቻ ሥራ ነውን? በእኛ አስተያየት አይደለም። አንዱ ሰው «ሁለተኛ አልቀደድም» ሊል ይችላል፤ ሌላው «የልብ ሕመም አለብኝና ቀላሉን ስጡኝ» ሊል ይችላል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ከመዝገብ የሚገኝ ማስረጃ ግን አንድ ጕድለት አለበት። ሐኪሞች ሻል ያለውን በሽተኛ መርጠው በከፊል ሠርተውለት እንደ ሆነ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ በ27 የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ለሁለቱም የሚበቁ 528 ሰዎች ተመርጠው፣ ማን የትኛውን ያግኝ የሚለው በዕጣ ተወሰነ። የአምስቱ ዓመት ውጤት በ2019 ላንሴት በተባለው መጽሔት ወጣ። መለኪያው ከ48 ነጥብ የሚታሰብ ሲሆን፣ በከፊል የተለወጠላቸው 38፣ በሙሉ የተለወጠላቸው 37 አገኙ፤ ይህም ማለት ልዩነት የለም ማለት ነው። ወጪው ሲታይ ግን በከፊሉ ለአንድ ሰው 910 ፓውንድ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ከዚህ በኋላ በሰኔ 2020 የእንግሊዞቹ የሕክምና መመሪያ አውጪ ድርጅት፣ በውስጠኛው ክፍል ብቻ ለታመመ ሰው ሁለቱም ዓይነት ቀርቦለት እንዲመርጥ ይደረግ ሲል ደነገገ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። መመሪያው «ይምረጥ» ይላል፤ ምርጫ የሚኖረው ግን በከፊል መለወጥን አዘውትሮ የሚሠራ ሐኪም ዘንድ ነው። ይህ ኦፕራሲዮን እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በዓመት አንድ ሁለት ብቻ የሚሠራ ሐኪም የሚሠራው ጉልበት ቶሎ የሚበላሽ መሆኑን፣ ከሚሠራቸው ጉልበቶች ከአምስት አንዱን ያህል ወይም ከዚያ በላይ በከፊል የሚሠራው ግን መልካም ውጤት እንደሚያገኝ ያው መዝገብ አሳይቷል። ስለዚህ በሽተኛው የሚያገኘው የኦፕራሲዮን ዓይነት ከጉልበቱ ይልቅ በየትኛው በር እንደ ገባ ይወሰናል። ሐኪሙን «እርስዎ በዓመት ስንት ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ሊቆጠር አይገባውም፤ ሙያውን የሚያውቅ ሐኪም አይቀየምበትም።

ከሁለቱ ሌላ መንገድ የለም ማለት ግን አይደለም። ዕድሜው ገና ለሆነ፣ ሥራው ጉልበት የሚጠይቅ ለሆነና እግሩ ለደገነ ሰው፣ የቅልጥሙን አጥንት ከላይ ቈርጦ በማቃናት ክብደቱን ከታመመው ክፍል ወደ ጤነኛው ማዛወር ይቻላል። የገዛ ጉልበቱን ይዞ ብዙ ዓመት ይሠራበታል፤ ምንም እንኳ አጥንቱ እስኪጋጠም ወራት ቢፈጅ። ይህ ነገር በተለይ ለወንዶች ሊታሰብበት ይገባል፤ በ2017 በእንግሊዝ አገር በወጣ ጥናት፣ ከ70 ዓመት በኋላ ጉልበቱ የተለወጠ ሰው በዕድሜው ዘመን እንደ ገና የመከፈት ዕድሉ ከ100 አምስት ያህል ሲሆን፣ በ50ዎቹ መጀመሪያ የተለወጠ ወንድ ግን እስከ 35 ይደርሳል።

አንድ ሌላ ኦፕራሲዮን ግን ታሪኩ የሚያስገርም ስለ ሆነ ጥቂት እናቆይበት። ጉልበትን በትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ፣ ዓይን ያለው ቱቦ አስገብቶ፣ ውስጡን በውሃ አጥቦና የሻከረውን አለስልሶ መውጣት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአሜሪካና በኤውሮፓ እጅግ የተስፋፋ ሥራ ነበር። ብዙ በሽተኞችም «ተሻለኝ» ይሉ ነበር። በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ የወታደሮች ሆስፒታል እነ ብሩስ ሞዝሊ 180 ሰዎችን ወስደው በዕጣ ከፋፈሏቸው፤ ለአንዱ ወገን ቆዳው ብቻ ተቀዶ፣ ሰውየው የእጥበቱን ድምፅ እንዲሰማ ውሃ እየተረጨ፣ ጉልበቱ ግን ሳይነካ ተሰፋ። በሽተኞቹ እንዲህ ሊደረግባቸው እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሯቸው ፈርመዋል። በ2002 ውጤቱ ሲወጣ፣ የታጠበውም፣ የተለሰለሰውም፣ ምንም ያልተደረገለትም እኩል ተሽሎት ተገኘ። በ2013 ደግሞ ፊንላንዶች የተቀደደ ሜኒስከስን መቍረጥ በዚሁ መንገድ ፈተኑት፤ ጉልበታቸው ያረጀ ባይሆንም ትራሱ በዕድሜ ለሳሳባቸው 146 ሰዎች ከማስመሰያው የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። በ2017 የሕክምና ሊቃውንት ጉባኤ፣ በዕድሜ ለተበላ ጉልበት ይህ ዓይነቱ ኦፕራሲዮን አይደረግ ብሎ በብርቱ ቃል መከረ። ኳስ ሲጫወት ጅማቱ የተበጠሰ ወጣት ግን ነገሩ ሌላ ነውና ከዚህ ጋር አይቀላቀል።

በዚህ ታሪክ ሐኪሞቹን መውቀስ አይገባም፤ የገዛ ሥራቸውን በእንዲህ ያለ ፈተና የመረመሩት ራሳቸው ናቸው። እንዲሁም ከዚህ ተነሥቶ ኦፕራሲዮን ሁሉ ማስመሰያ ነው ማለት ስሕተት ነው። በ2015 ዴንማርኮች 100 ሰዎችን በሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ ጉልበታቸውን በሙሉ ለውጠው፣ ለሁሉም በሐኪም የታዘዘ እንቅስቃሴ፣ የአመጋገብ ምክርና መድኀኒት ሰጥተው ነበር። ከዓመት በኋላ በሚገባ የተሻላቸው፣ ከተለወጠላቸው ከ100 85፣ ካልተለወጠላቸው 68 ሆኑ። ኦፕራሲዮኑ ይበልጣል ማለት ነው። ግን ካልተለወጠላቸውም አብዛኞቹ ተሽሏቸዋል፤ በዚያ ዓመት ወደ ኦፕራሲዮን የሄዱት ከአራት አንድ ያህል ብቻ ናቸው፤ ብርቱ ጕዳትም የደረሰው ይልቁን በተለወጠላቸው ላይ ነው። ክብደት መቀነስም ተራ ምክር እንዳይመስል፤ ከሰውነት አንድ ኪሎ ሲቀነስ በየርምጃው ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚነሣ ተለክቷል። ከተለወጠላቸውም መካከል ከአምስት አንዱ ያህል እንዳሰበው ሳይሆንለት እንደሚቀር ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለበሽተኛው ሊነገረው ይገባል።

እንግሊዞች ይህን ሁሉ ሲያውቁ ችግራቸው ግን ወረፋው ነው። በወረርሽኙ ዓመት በ2020 የጉልበት መለወጥ ሥራ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ለማናቸውም ሕክምና የሚጠብቀው ጉዳይ በመስከረም 2023 ወደ 7.7 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጥቂት ቢቀንስም፣ ከሁሉ የረዘመው የአጥንት ሕክምና ወረፋ ነው። ከ100 92ቱ በ18 ሳምንት ውስጥ ይታከሙ የሚለው ደንብ ከ2016 ወዲህ ሳይፈጸም ቆይቷል፤ መንግሥቱም እስከ መጋቢት 2029 እፈጽመዋለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። አንዳንድ የአውራጃ ጤና ቢሮዎች ወረፋውን ለማሳጠር «ክብደቱ ከዚህ በላይ የሆነ አይመዝገብ» የሚል ደንብ አወጡ፤ የ2022ቱ መመሪያ ግን በክብደትም ሆነ በዕድሜ ምክንያት ማንንም አትከልክሉ ይላል። ሁለቱ ትእዛዞች ባንድ አገር አብረው መኖራቸው ያስደንቃል። በከፊሉ መለወጥ በሽተኛውን ቶሎ ከአልጋ የሚያስነሣ ከሆነ፣ አልጋ ላጣ አገር ከ910 ፓውንዱ ይልቅ የሚጠቅመው ይኸው ነበር።

ይህ የእንግሊዝ ክርክር ለኛ ምን ያደርግልናል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጉልበታቸውን ለማስለወጥ ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ የሚሄዱ ወገኖቻችን አሉ፤ በአገር ውስጥም የአጥንት ሐኪሞቻችን ይህን ሥራ ይሠራሉ፤ ብረቱ ግን የሚገዛው ከውጭ ነው። የኛ ሰው ደግሞ ከጉልበቱ የሚፈልገው ነገር እንግሊዙ ከሚፈልገው ይለያል። ያ ባለ 48 ነጥብ መለኪያ 12 ጥያቄዎች አሉት፤ አንደኛው ሰውየው ተንበርክኮ መነሣት ይችል እንደ ሆነ ይጠይቃል። ለእንግሊዙ ይህ ከአትክልቱ ቦታ አረም ለመንቀል ይሆናል። በየቀኑ ለሚሰግድ ክርስቲያን ወይም እስላም፣ ከቡና ረከቦት አጠገብ በዱካ ላይ ለምትቀመጥ እናት ግን ከአሥራ ሁለቱ ጥያቄዎች ዋናው ይኸው ነው። ጉልበታቸው ከተለወጠ በኋላም ብዙዎች መንበርከክን እንደሚፈሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ «ከዚህ በኋላ መስገድ እችላለሁን?» የሚለው ጥያቄ ገና ከመጋረጃው ውጭ ሳሉ፣ ራጁም ሲታይ ሊጠየቅ ይገባል። የትኛው ክፍል እንደ ተበላ፣ አንድ ብቻ መሆኑን፣ የፊተኛው ጅማት ጤነኛ መሆኑን ሐኪሙ የሚናገረው በዚያን ጊዜ ነው።

ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ደግሞ ሊያስብበት የሚገባ ሌላ ነገር አለው። ከመቶ በአንድ ሰው ላይ ያህል የሚደርሰው መመርቀዝ ቢያጋጥመው፣ ወይም ከዓመታት በኋላ ብረቱ ቢላቀቅ፣ የሠራው ሐኪም በአጠገቡ አይገኝም። በከፊሉ የተሻለ ነው ቢባልም፣ ቢበላሽ ወደ ሙሉው የሚለውጥለት ሐኪም ባገሩ መኖሩን ሳይጠይቅ የሚመርጥ ሰው የሒሳቡን አንድ ጐን ብቻ ያየ ነው። የገባለት ብረት የማን ሥራ እንደ ሆነ፣ ልኩና ቍጥሩ ስንት እንደ ሆነ የሚያሳየው ትንሽ ወረቀት በሆስፒታሉ ፋይል ውስጥ ይቀራል፤ ግልባጩን ሳይጠይቅ ወደ አውሮፕላኑ አይሳፈር። ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ጉልበቱን የሚከፍተው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ወረቀት ነው።